ከፎቶግራፍ ውስጥ ሰውን ነጥሎ ማውጣት

ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት የሟች ባላቸውን ፎቶግራፍ ይዘው ወደ ፎቶግራፍ ቤት ሲሄዱ እኔም አብሬአቸው ሄጄ ነበር። ሟቹ በሕይወት ዘመናቸው መነሣት የማይወዱ ሰው ስለ ነበሩ፤ በመታወቂያቸው ላይ ካለችው ደብዛዛ ምስል በቀር በቤት ውስጥ የተገኘው ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው። እሱም በአንድ ዘመድ ሠርግ ላይ ስድስት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የተነሡት ነበር። የአርባው ተዝካር እየተቃረበ ስለ ሄደ፤ ወይዘሮዋ የፈለጉት ባላቸው ከስድስቱ መካከል ተለይተው፤ ብቻቸውን፤ በትልቁ እንዲታተሙላቸው ነው።

የፎቶግራፍ ቤቱ ሠራተኛ ከሃያ ሁለት ዓመት የማይበልጠው ወጣት ነው። ፎቶግራፉን በስካነር አንሥቶ ወደ ኮምፒዩተሩ አስገባና የሟቹን ዙሪያ በነጥብ እየከበበ ይሄድ ጀመር። ከጆሮ ወደ አንገት፤ ከአንገት ወደ ኮቱ ኮሌታ ወረደ። ከግራ ትከሻቸው ላይ ሲደርስ ግን እጁን አቆመ። በሟቹ ትከሻ ላይ የሌላ ሰው እጅ ከነአራት ጣቱ አርፎ ነበር።

«እማማ፤ ይህን እጅ ምን ላድርገው?» ሲል ጠየቀ።

ወይዘሮዋ ወደ ኮምፒዩተሩ መስኮት ተጠግተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። የሰጡትን መልስ በመጨረሻው ላይ እነግራችኋለሁ። እኔን ግን በዚያች ሰዓት የያዘኝ የወጣቱ ጥያቄ ነው። ለመሆኑ በፎቶግራፍ ላይ አንድ ነገር የሚያልቀው፤ ሌላው የሚጀምረው የት ላይ ነው? ወሰኑንስ የሚቈርጠው ማን ነው? ካሜራው ነው? ኮምፒዩተሩ ነው? ወይስ ከኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው? ነገሩን ስመረምረው ከጠበቅሁት በላይ ሰፊ ሆኖ ስላገኘሁት ለአንባብያን ላካፍል ወደድሁ። ዘመናቱን የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጥላን ከመከተል እስከ መቀስ

የነገሮችን ዙሪያ በመስመር መከተል ከሰው ልጅ አሮጌ ልማዶች አንዱ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ የተረከው አፈ ታሪክ እንደሚለው፤ በቆሮንቶስ ከተማ ቡታዴስ የሚባል የሸክላ ሠሪ ልጅ የምትወደው ጎልማሳ ወደ ሩቅ አገር ሊሄድባት ሲነሣ፤ በመብራት ብርሃን ከግድግዳው ላይ ያረፈውን የፊቱን ጥላ በመስመር ከብባ አስቀረችው። አባቷም በመስመሩ ውስጥ ጭቃ ሞልቶ ምስል ሠራበት ይባላል። እንግዲህ የዚህ ጥበብ መነሻ፤ በአፈ ታሪክም ቢሆን፤ የሚለዩትን ሰው ላለማጣት የተደረገ ሙከራ ነው።

በእኛም አገር የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን የቅዱሳንን መልክ በጠቈረ መስመር ይነድፋሉ፤ ቀለሙም በመስመሩ ውስጥ ይገባል። መስመሩ በሥዕሉ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ የመልአኩ ክንፍ የት ላይ እንደሚያልቅ የሚጠራጠር ምእመን የለም። ወሰኑን ሠዓሊው ራሱ ወስኖ ሰጥቶታል።

ፎቶግራፍ ግን መስመር የለውም። ካሜራ የሚቀበለው ብርሃንን እንጂ ነገሮችን አይደለም። ስለዚህ ከኮምፒዩተር በፊት በነበሩት ዘመናት፤ ሰውን ከጀርባው ለመለየት የፈለገ የማተሚያ ቤት ባለሙያ መስመሩን ራሱ ማበጀት ነበረበት። አንዳንዱ በመቀስ ወይም በምላጭ ቈርጦ በሌላ ወረቀት ላይ ይለጥፋል፤ አንዳንዱ ብርሃን በማያሳልፍ ቀለም የኔጋቲቩን ዙሪያ በቀጭን ብሩሽ ይቀባል። እጅ ከተንቀጠቀጠ ጆሮ ይሄዳል። የተቈረጠውንም መመለስ አይቻልም ነበር።

ኮምፒዩተር ምን ያያል?

በኮምፒዩተር ውስጥ ፎቶግራፍ ማለት የቍጥር ሰንጠረዥ ማለት ነው። ሥዕሉ እንደ ዳማ ሰሌዳ በጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ይከፈላል፤ እነዚህም ፒክሰል ይባላሉ። ጥቁርና ነጭ በሆነ ፎቶግራፍ ለእያንዳንዱ ፒክሰል ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቍጥር ይሰጠዋል፤ 0 ድቅድቅ ጥቁር፤ 255 ጥርት ያለ ነጭ ነው። ፎቶግራፉ ባለ ቀለም ከሆነ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት ቍጥሮች ይመደባሉ።

አሁን ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ነጣ ባለ ግድግዳ ፊት ቆሟል እንበል። ከኮቱ ጀምረን ወደ ግድግዳው ስድስት ፒክሰሎችን በአግድም ብናነብ 40፣ 42፣ 41፣ 118፣ 196፣ 198 የሚሉ ቍጥሮችን ልናገኝ እንችላለን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት መካከል ያለው ልዩነት ከምንም አይቈጠርም። ከ41 ወደ 118፤ ከ118 ወደ 196 ግን ድንገተኛ ዝላይ አለ። ኮምፒዩተር ጠርዝ ብሎ የሚያውቀው ይህን ዝላይ ነው። ኮት ምን እንደ ሆነ፤ ግድግዳም ምን እንደ ሆነ ከዚህ ስሌት ውስጥ የለም፤ ያለው በጎረቤታሞች መካከል የተገኘ ልዩነት ብቻ ነው።

ይህን ዝላይ በስሌት ከፈለጉት ቀደምት ሰዎች አንዱ በ1963 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የነበረው ላውረንስ ሮበርትስ ነው። በ1968 ደግሞ በስታንፎርድ ኧርዊን ሶበልና ጌሪ ፌልድማን ዘጠኝ ዘጠኝ ፒክሰሎችን በአንድ ጊዜ የሚመረምር ዘዴ አቀረቡ። ከሁሉም ይልቅ የታወቀው ጆን ካኒ በ1986 ያሳተመው ነው። ካኒ በመጀመሪያ ፎቶግራፉን በጥቂቱ ያደበዝዘዋል፤ ይኸውም አቧራና ጭረት እንደ ጠርዝ እንዳይቈጠሩ ነው። ከዚያም ሁለት የልዩነት መለኪያዎችን፤ አንድ ከፍተኛና አንድ ዝቅተኛ፤ ያቆማል። ከከፍተኛው ያለፈ ዝላይ ያለ ጥያቄ ጠርዝ ነው። ከዝቅተኛው በታች የሆነው ይጣላል። በሁለቱ መካከል የወደቀው ግን ተቀባይነት የሚያገኘው ከጠንካራ ጠርዝ ጋር ሲያያዝ ብቻ ነው። ባጭሩ ደካማው ዋስ ካቀረበ ያልፋል፤ ዋስ ካጣ ይቀራል።

የሚያስደንቀው፤ የእኛም ዐይንና አንጎል ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚህ በማይርቅ መንገድ መሆኑ ነው። በ1958 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ሁቤልና ቶርስተን ዊዝል የተባሉ ተመራማሪዎች በአንዲት ድመት አንጎል ውስጥ አንድ ሕዋስ ለብርሃን የሚሰጠውን ምላሽ ይመረምሩ ነበር። ነጠብጣብ ያለባቸውን መስታወቶች በመብራት እያሳዩ ለሰዓታት ቢደክሙ ሕዋሱ እምብዛም መልስ አልሰጠም። ድንገት ግን አንዱን መስታወት ወደ መሣሪያው ሲያስገቡት ሕዋሱ እንደ መትረየስ ይንጣጣ ጀመር። መልስ ያሰጠው ነጠብጣቡ አልነበረም፤ የመስታወቱ ጠርዝ ያጠላው ቀጭን የጥላ መስመር ነበር። ሁለቱ ተመራማሪዎች ስለ ዐይንና ስለ አንጎል ላደረጉት ምርምር በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል።

ይሁን እንጂ በእኛና በስሌቱ መካከል ልዩነት አለ። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በኖራ በተቀባ ግድግዳ ፊት ተቀምጠው ቢነሡ፤ በብዙ ቦታ ላይ የጋቢውና የግድግዳው ቍጥር እኩል ይሆናል። ዝላይ ስለሌለ ካኒ እዚያ ላይ መስመር አያገኝም። እኛ ግን የሽማግሌው ትከሻ የት እንደሚያልቅ አንጠራጠርም። በአንጻሩ በደረት ላይ በተጣለ ነጠላ ጥለት ላይ እጅግ ታላቅ ዝላይ አለ፤ ሆኖም ሰው በጥለቱ ላይ አያልቅም። ስለዚህ የብርሃን ልዩነትና የነገር ወሰን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን መቍጠር ይበቃል፤ ሁለተኛውን ለማግኘት ግን ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

የመኪና መሐንዲሶች የተዉልን ብዕር

ፎቶሾፕ የተባለውን ዝነኛ ፕሮግራም ቶማስ ኖል የተባለ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1987 መጻፍ ጀመረ፤ በፊልም ሥራ ላይ የነበረው ወንድሙ ጆንም ተባበረውና አዶቤ የተባለው ኩባንያ በ1990 ለገበያ አቀረበው። ከዚያም በ1991 በወጣው በሁለተኛው እትም ውስጥ «ብዕር» የተባለው መሣሪያ ገባ። ዛሬም ቢሆን ጥንቁቅ ባለሙያ አንድን ዕቃ ከጀርባው መለየት ሲፈልግ የሚያነሣው ይህንኑ ብዕር ነው።

የብዕሩ ስሌት ግን የተወለደው በፎቶግራፍ ቤት አይደለም፤ በፈረንሳይ የመኪና ፋብሪካ ነው። የመኪናን ክንፍና ጣራ ቅርጽ በትክክል ለማስተላለፍ የእጅ ንድፍና የእንጨት ሞዴል አላስተማመነም። በሲትሮኤን ይሠራ የነበረው ፖል ደ ካስቴልዦ በ1959 አንድ የስሌት መንገድ አገኘ፤ ኩባንያው ግን ነገሩን በምስጢር ያዘው። በሬኖ ይሠራ የነበረው ፒየር ቤዚዬ በ1960ዎቹ በራሱ መንገድ ወደዚያው ደርሶ ሥራውን ስላሳተመ፤ መስመሩ እስከ ዛሬ «የቤዚዬ መስመር» እየተባለ ይጠራል። ያወቁትን መደበቅ ስምን እንኳ እንደሚያሳጣ ከዚህ መማር ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ነጥቦችን እናስቀምጣለን፤ ከእያንዳንዱም አንድ አንድ እጀታ ይወጣል። መስመሩ ከመጀመሪያው ነጥብ ሲነሣ የመጀመሪያው እጀታ ወዳመለከተው አቅጣጫ ይሄዳል፤ ከሁለተኛው ሲደርስም ከሁለተኛው እጀታ ጋር ተስማምቶ ይገባል። እጀታው በረዘመ መጠን ጉልበቱ ይጨምራል። በዚህ ዘዴ የአንድን ሰው ትከሻ በሦስት ወይም በአራት ነጥብ መጨረስ ይቻላል። የጀማሪ ምልክት ነጥብ ማብዛት ነው፤ ሃምሳ ነጥብ ያስቀመጠ ሰው ትከሻውን እንደ መጋዝ ጥርስ ያደርገዋል። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚቀረጹት የግዕዝ ፊደላትም ዙሪያቸው የሚሠራው በዚሁ ዓይነት መስመር መሆኑን ስናስብ፤ የመኪና መሐንዲሶች ውለታ ከጣራና ከክንፍ አልፎ እስከ «ሀ» እና «ለ» ድረስ መድረሱን እንረዳለን።

ብዕሩ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ግማሹን ሥራ ለኮምፒዩተሩ የሚሰጥ ሌላ መሣሪያም ተፈጥሯል። በ1995 ኤሪክ ሞርተንሰንና ዊልያም ባሬት «ብልህ መቀስ» የሚሉትን ዘዴ አቀረቡ፤ በ1998 የወጣው ፎቶሾፕም «ማግኔታዊ ላሶ» የተባለ ተመሳሳይ መሣሪያ ይዞ መጣ። ብልህ መቀስ የሚሠራበትን ሐሳብ ለመረዳት አንድ መንገደኛ እናስብ። በአስፋልት መሄድ ርካሽ ነው፤ በገደልና በጭቃ መሄድ ውድ ነው። መንገደኛው ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ሲሄድ ወጪው የሚያንሰውን መንገድ ይመርጣል። በፎቶግራፉም ላይ ጠርዙ አስፋልት ነው፤ የቀረው ጭቃ ነው። ሠራተኛው መነሻና መድረሻ ነጥብ ብቻ ሲሰጥ መስመሩ ርካሹን መንገድ እየመረጠ በጠርዙ ላይ ይሳባል። የአጭር መንገድ ስሌቱን ኤድስገር ዳይክስትራ የተባለው ሆላንዳዊ በ1956 በአምስተርዳም ቡና ቤት ተቀምጦ በሃያ ደቂቃ ያህል እንዳሰበው ራሱ ተናግሯል።

የጎፈሬና የነጠላ ችግር

እስከ አሁን ወሰን የተባለውን እንደ ቀጭን መስመር ስንቈጥረው ቈየን። ነገር ግን ቀደም ብለን ያነበብነውን 118 የተባለ ፒክሰል እንመልከተው። እሱ ኮት ነው ወይስ ግድግዳ? በስሌት ብናየው ከ41 ተነሥቶ ወደ 197 ገደማ በሚደርሰው መንገድ ላይ እኩሌታው አካባቢ ይገኛል። ስለዚህ ግማሹ ኮት፤ ግማሹ ግድግዳ ነው። በኮት ትከሻ ላይ እንዲህ ያለው ድብልቅ አንድ ወይም ሁለት ፒክሰል ብቻ ስለ ሆነ ብዙ አያስቸግርም። ባለ ጎፈሬ ጎልማሳ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በጎፈሬው ዙሪያ ጠጉርና ሰማይ የተቀላቀሉበት ሰፊ ቀበቶ አለ። በብዕር ቢከበብ ራሱ ከካርቶን የተቈረጠ ይመስላል። ሳሳ ያለ ነጠላም እንዲሁ ነው፤ ከኋላው ያለው ዛፍ በፈትሉ መካከል ይታያልና ነጠላውን ብቻ ቈርጦ ማውጣት አይቻልም፤ ዛፉ አብሮ ይመጣል።

ለዚህ መፍትሔው ወሰኑን መስመር ማድረግ ትቶ መጠን ማድረግ ነው። ኤድ ካትመልና አልቪ ሬይ ስሚዝ በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒውዮርክ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሠሩ፤ ከቀለም ቍጥሮቹ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ፒክሰል «ምን ያህል ይታይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አራተኛ ቍጥር አበጁ፤ አልፋ ይባላል። የፊት ቆዳ ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ የጎፈሬ ጫፍ በከፊል ይታያል፤ ጀርባው ፈጽሞ አይታይም። በዚህ ምክንያት ጥሩ ባለሙያ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ለኮቱ ብዕር፤ ለጠጉሩ ደግሞ ማስክና ለስላሳ ብሩሽ ይጠቀማል። ማስክ ማለት ምስሉን ሳይሰርዝ የሚሸፍን መጋረጃ ነው፤ የተሸፈነውን በማናቸውም ጊዜ መግለጥ ይቻላል። እንደ ጥንቱ መቀስ የሄደው ጆሮ ሄዶ አይቀርም።

በመጨረሻም እነሆ አዲሱ ዘመን መጣ። በ2023 ሜታ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ11 ሚሊዮን ፎቶግራፎችና ከአንድ ቢሊዮን በላይ ከሆኑ ቅርጾች የተማረ ፕሮግራም አወጣ። ሰው በፎቶግራፉ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ቢነካ የነካው ነገር ዙሪያው ተከብቦ ይቀርብለታል። ዛሬማ በብዙ ስልኮች ላይ ጣትን በምስሉ ላይ ማሳረፍ ይበቃል። እነዚህ ፕሮግራሞች ብዙ ጋቢና ብዙ ግድግዳ ስላዩ ዝላይ በሌለበትም ቦታ ላይ ወሰን መገመት ይችላሉ። ታዲያ የባለሙያው ሥራ አበቃ ማለት ነው?

አንድ ጥበብ፤ ሁለት መንገድ

በእኔ አስተያየት አላበቃም። ምክንያቱም ከወሰኑ ጥያቄ በስተጀርባ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ማን ይቅር? ማን ይሂድ? የሚል።

የሶቪየት ኅብረት የጸጥታ ሹም የነበረው ኒኮላይ ዬዦቭ ከስታሊን ጎን በቦይ ዳር ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍ አለ። ዬዦቭ በ1940 ከተገደለ በኋላ በታተመው ግን እሱ የለም፤ የቆመበት ቦታ ውሃ ሆኗል። ይህን የሠራው እጅ የተካነ እጅ ነበር። በ1982 በየካቲት ወር ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት አግድም የተነሣውን የግብጽ ፒራሚዶች ፎቶግራፍ በቁሙ ሽፋን ላይ ለማግባት ሲል ፒራሚዶቹን በኮምፒዩተር አቀራረባቸው፤ ብዙ ወቀሳም ደረሰበት። በአገራችንም ልጅ ኢያሱ በ1916 ከሥልጣን በወረዱበት ጊዜ፤ ጥምጥም አድርገው የሚያሳያቸው ፎቶግራፍ ተሰራጨ፤ ምስሉም ተቈራርጦ የተቀናበረ ነው እየተባለ ሲያከራክር ኖሯል።

እንግዲህ አንድን ሠራተኛ ከመንገድ ጀርባ አውጥቶ ለፓስፖርት ነጭ ጀርባ የሚሰጠው እጅና፤ አንድን ሰው ከታሪክ የሚያወጣው እጅ የሚጠቀሙበት መሣሪያ አንድ ነው። ነጥቡም እጀታውም ማስኩም አንድ ነው። ልዩነቱ ከጀርባው ያለው አሳብ ነው። መስኮት ላይ የሚታየው ምስል ንጹሕ በሆነ መጠን ደግሞ የተመልካቹ ጥርጣሬ እያነሰ ይሄዳልና የሠራተኛው ኃላፊነት የሚከብደው ችሎታው በጨመረ ቍጥር ነው።

ይህን ሙያ ለመማር ለሚፈልግ ተማሪ ወይም ከመሥሪያ ቤት በኋላ ጥቂት ገንዘብ ማግኘት ለሚሻ ወጣት ከወጣቱ ሠራተኛ የተማርሁትን ባጭሩ ልንገር። ፎቶሾፕ ለመግዛት አቅም ያጣ ሰው ጊምፕ የተባለውን ፕሮግራም ያለ ክፍያ ሊያገኝ ይችላል፤ በ1996 የበርክሊ ተማሪዎች ያወጡት ሲሆን ብዕርም ብልህ መቀስም በውስጡ አሉ። ምስሉን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ አጉልተህ ሥራ። ነጥቦችን መስመሩ በሚታጠፍበት ላይ እንጂ በየስንዝሩ አታስቀምጥ። የጀርባው ቀለም እንደ ጭራ እንዳይከተልህ ከጠርዙ አንድ ፒክሰል ያህል ወደ ውስጥ ግባ። ጠርዙን በጥቂቱ አለስልሰው፤ በተፈጥሮ እንደ ምላጭ የሰላ ወሰን ብዙ የለምና። ከሁሉም በላይ ዋናውን ፎቶግራፍ አትንካ፤ ሁልጊዜ በግልባጩ ላይ ሥራ።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ልመለስ። ወጣቱ ጥያቄውን ደግሞ አስረዳቸው። «እጁን ላጠፋው እችላለሁ፤ ከቀኝ ትከሻቸው ኮት ወስጄ እደርብበታለሁ፤ ማንም አያውቅም» አላቸው።

«የወንድሜ እጅ ነው» አሉ ወይዘሮዋ። «ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ ይዞት ነው የኖረ። ተወው፤ ልጄ።»

«ግን እማማ፤ ባለቤቱ ሳይታይ እጁ ብቻ ሲቀር ሰው የማን ነው ይላል።»

«ይጠይቀኛ፤ እነግረዋለሁ።»

ወጣቱ ጥቂት አሰበና ሥራውን ቀጠለ። በጣቶቹ ዙሪያ አንድ በአንድ ዞረ፤ ከክንዱም ጥቂት አስቀርቶ እጅጌውን ወደ ጀርባው ቀለም ቀስ እያለ እንዲጠፋ አደረገው። ያችን እጅ ለመሥራት የወሰደበት ጊዜ የቀረውን ሁሉ ለመሥራት ከወሰደበት ይበልጥ ነበር፤ ተጨማሪ ዋጋ ግን አልጠየቀም።

በአርባው ቀን ፎቶግራፉ በድንኳኑ መግቢያ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ከፊቱ ቆመው ብዙ ጊዜ ሲመለከቱት አየሁ፤ ከዚያም የገዛ ቀኝ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩትና ወደ ውስጥ ገቡ። እኔም ተጠግቼ የተቈረጠበትን ቦታ ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም።